ሠራተኛችሁ ተጎድቶ ሲመለስ የደሞዙን ግማሽ ከዋሽንግተን ስቴት እንዴት ታስመልሳላችሁ?

ይህ መመሪያ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ትንሽ ቢዝነስ ላላችሁ ነው። ምግብ ቤት፣ ግሮሰሪ፣ አዳልት ፋሚሊ ሆም (እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚኖሩበት የእንክብካቤ ቤት)፣ የጽዳት ወይም የትራንስፖርት ድርጅት ቢሆን ለውጥ የለውም። ሠራተኛ ሥራ ላይ ተጎድቶ ሐኪሙ «ከባድ ነገር እንዳይነካ» ሲል፣ ቀለል ያለ ሥራ ሰጥታችሁ ካቆያችሁት ስቴቱ ከምትከፍሉት ደሞዝ ግማሹን ይመልስላችኋል። ፕሮግራሙ ስቴይ አት ወርክ ይባላል፤ የሚያስተዳድረው ሁላችንም ኤል ኤንድ አይ የምንለው የስቴቱ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ነው።

ብዙ ሰው ግን ይህን ገንዘብ ሳያገኘው ይቀራል። ስለ ፕሮግራሙ ሰምተው፣ ሠራተኛውን በደግነት ተቀብለው፣ ለወራት ደሞዝ ከፍለው፣ በመጨረሻ «አይከፈልም» የሚል ደብዳቤ የሚደርሳቸው አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው፦ ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል። ሥራው ቀድሞ ተጀምሮ ወረቀቱ ኋላ መጥቷል። ስለዚህ ከታች ያለውን በተራ ቁጥሩ ሂዱበት። አትዝለሉ።

ምን ያህል ነው የሚመለሰው?

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ጣሪያው ከፍ ብሏል። ድሮ 66 የሥራ ቀንና 10,000 ዶላር ነበር። አሁን ለአንድ ክሌም (ማለትም ለአንድ የጉዳት ካሣ ማመልከቻ) እስከ 120 የሥራ ቀን፣ እስከ 25,000 ዶላር ነው። 120ዎቹ ቀናት በ24 ተከታታይ ወራት ውስጥ የሚቆጠሩ ናቸው።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። ሠራተኛችሁ በሰዓት 22 ዶላር እያገኘች በቀን 6 ሰዓት ቀላል ሥራ ብትሠራ፣ የቀኑ ደሞዝ 132 ዶላር ነው። ግማሹ 66 ዶላር። 45 ቀን ከሠራች 2,970 ዶላር ይመለስላችኋል። በሰዓት 22 ዶላር ሙሉ ቀን 8 ሰዓት ለ120 ቀን ብትሠራ እንኳ የሚመለሰው 10,560 ዶላር ነው። በእኛ ዓይነት ቢዝነስ ውስጥ እንግዲህ ቀድሞ የሚያልቀው ቀኑ እንጂ ገንዘቡ አይደለም። ቀኑን በጥንቃቄ ያዙት።

ከደሞዙ ሌላ፣ ለቀላሉ ሥራ የሚያስፈልግ ሥልጠና፣ ልብስና መሣሪያ ከገዛችሁ እሱም ይመለሳል። እያንዳንዱ የራሱ ጣሪያ አለው፤ የራሱ ወጥመድም አለው፣ ወጥመዱን ደረጃ 6 ላይ እናየዋለን።

ከመነሳታችሁ በፊት እነዚህን አረጋግጡ

1. ኢንሹራንሳችሁ በኤል ኤንድ አይ የስቴት ፈንድ በኩል ነው? በየሩብ ዓመቱ የሠራተኞቻችሁን ሰዓት እየሞላችሁ ፕሪሚየም የምትከፍሉ ከሆነ አዎ ነው። ራሳቸውን ኢንሹር የሚያደርጉ ትልልቅ ኩባንያዎች ግን እዚህ ውስጥ የሉም።

2. የተጎዳው ሰው ሰዓቱን የምትሞሉለት ሠራተኛ ነው? ቤተሰብ ነው ብላችሁ ሰዓቱን ሳትሞሉ የምታሠሩት ወይም እንደ ኮንትራክተር ቆጥራችሁ በ1099 የምትከፍሉት ሰው ካለ፣ ጉዳት ሳይደርስ ዛሬውኑ ከሒሳብ ሠራተኛችሁ ጋር አስተካክሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። የቢዝነሱ ባለቤት ራሳችሁ ከተጎዳችሁ ደግሞ፣ በፈቃደኝነት ለራሳችሁ ሽፋን ካልገዛችሁ በቀር ክሌም የለም።

3. ጉዳቱ ሲደርስ አሠሪው እናንተ ነበራችሁ? ስቴይ አት ወርክ የሚከፍለው ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ ለነበረው አሠሪ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ የተጎዳ ሰው ከቀጠራችሁ ሌላ ፕሮግራም አለ፤ መጨረሻ ላይ ጠቅሰነዋል።

ደረጃ 1፦ ክሌሙ በወጉ ይከፈት

ሠራተኛው ሐኪም ጋ ሲሄድ ጉዳቱ ሥራ ላይ የደረሰ መሆኑን ይናገር። የአደጋ ሪፖርቱ ብዙ ጊዜ ክሊኒኩ ውስጥ ይሞላል፤ በኦንላይንም በስልክም መሙላት ይቻላል። የክሌም ቁጥር ይሰጣል። ያንን ቁጥር ያዙ። ከዚህ በኋላ በምትልኩት ወረቀት ሁሉ ላይ፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ጻፉት። ቁጥር የሌለው ፋክስ የት እንደሚገባ አይታወቅም።

ከሪፖርቱ ውስጥ አሠሪው የሚሞላው ክፍል ወደ እናንተ ሲመጣ ቶሎ ሞልታችሁ መልሱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። በማኅበረሰባችን ውስጥ «ኧረ ተወው፣ እኔ ከኪሴ አሳክምሃለሁ፣ ኤል ኤንድ አይ ምን ያደርግልናል» የሚባል ነገር አለ። በቅንነት የሚናገሩት ይኖራሉ። ግን ሠራተኛ ክሌም እንዳያስገባ ማግባባት በስቴቱ ሕግ ያስቀጣል። ሠራተኛውም ይጎዳል፤ ዛሬ ቀላል የመሰለው የወገብ ሕመም ከስድስት ወር በኋላ ኦፕራሲዮን ቢያስፈልገው በኪሳችሁ አትችሉትም። ለእናንተም ክሌም ከሌለ ማካካሻ የለም።

*እንግሊዝኛ ካስቸገረ፦* ኤል ኤንድ አይ በ1-800-547-8367 ደውላችሁ «አምሃሪክ» በሉ፤ አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባሉ። ለሠራተኛው የሕክምና ቀጠሮም አስተርጓሚ ይከፈልለታል። ልጁን ወይም ራሳችሁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትግቡ። አሠሪው ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ሠራተኛው ሕመሙን በነፃነት አይናገርም፤ የተሳሳተ ገደብ ይጻፍና ሁለታችሁም ትቸገራላችሁ።

ደረጃ 2፦ የሐኪሙን የገደብ ፎርም አግኙ

ሐኪሙ ሠራተኛው ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችል የሚሞላው ፎርም አለ። አክቲቪቲ ፕሪስክሪፕሽን ፎርም ይባላል። የሁሉ ነገር መሠረት እሱ ነው። ሠራተኛው ከቀጠሮ ሲመለስ ኮፒ ይዞ እንዲመጣ ንገሩት። ካልያዘ፣ በኤል ኤንድ አይ ድረ ገጽ የአሠሪ አካውንት ከፍታችሁ የክሌሙን ፋይል ማየት ትችላላችሁ።

ፎርሙ ላይ ሦስት ነገር ተመልከቱ፦

- ሠራተኛው የቀድሞ ሥራውን መሥራት አይችልም፣ ገደብ አለበት የሚል መኖሩን። ሐኪሙ «ወደ ሙሉ ሥራ ይመለስ» ካለ ማካካሻ የለም።
- ገደቡ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ። ይህን ቀን ስልካችሁ ላይ አላርም አድርጉት። ሳይታደስ ካለፈ በመሀል የተሠሩትን ቀናት የሚደግፍ ወረቀት አይኖራችሁም።
- እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በየትኛው ሳጥን እንደተመለከተ። ፎርሙ ቋንቋ አለው፦ «ሴልደም» በቀን እስከ 1 ሰዓት፣ «ኦኬዥናል» ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ «ፍሪኩዌንት» ከ3 እስከ 6 ሰዓት ነው። ሥራውን ስትጽፉ በእነዚሁ ሰዓቶች ጻፉ።

*ፎርሙ ባዶ ወይም የማይነበብ ከሆነ፦* በግምት አትሂዱ። ክሊኒኩን ደውላችሁ እንዲሞሉት ጠይቁ።

ደረጃ 3፦ የሥራ መግለጫውን ጻፉ

ጊዜያችሁን የምታጠፉበት ቦታ ይህ ነው። አብዛኛው ሰው «ላይት ዱቲ (ቀላል ሥራ) እሰጠዋለሁ» ብሎ አንድ መስመር ይጽፋል። ሐኪም ደግሞ ያንን አይፈርምም፤ ቢፈርምም ነገ ክርክር ሲነሳ አይረባችሁም። ሕጉ የሚለው፣ መግለጫው ሐኪሙ የሥራውን እንቅስቃሴ ከሠራተኛው ጉዳት ጋር ማገናኘት በሚችልበት መልክ ይጻፍ ነው። ማለትም ክብደት፣ ሰዓት፣ ስንት ጊዜ። ኤል ኤንድ አይ ለዚህ የተዘጋጀ የሥራ መግለጫ ፎርም አለው፤ በራሳችሁ ከመጀመር እሱን ውሰዱ።

የሚሰጠው ሥራ ከቀድሞው ሥራ ጋር መመሳሰል የለበትም። የተለየ ዓይነት ሥራ መስጠት ይቻላል። ስለዚህ ቤቱን ዞር ዞር ብላችሁ እዩት፤ ማንም ጊዜ ስላጣ የቆመ ሥራ አይጠፋም። የአቅራቢ ደረሰኝ ማደራጀት፣ የፍሪጅ ሙቀት መዝገብ፣ ስልክ ማንሳት፣ ቅመም በትንንሽ ከረጢት ማሸግ፣ አዲስ ሠራተኛ ማሠልጠን።

ወገቧን የተጎዳች የአዳልት ፋሚሊ ሆም ተንከባካቢ አለች እንበል። መግለጫው እንዲህ ይሁን (ፎርሙን የምትሞሉት በእንግሊዝኛ ነው)፦

- ሥራው፦ የመድኃኒት መዝገብ መያዝ፣ ለፋርማሲ መደወል፣ ተቀምጦ ምሳ ማዘጋጀት ማገዝ፣ ነዋሪዎችን ማጫወት
- ሰዓት፦ በቀን 6፣ በሳምንት 5 ቀን
- መቀመጥ፦ በቀን 4 ሰዓት፣ በፈለገች ጊዜ መነሳት ትችላለች
- መቆምና መራመድ፦ በቀን በድምሩ 2 ሰዓት፣ በአንድ ጊዜ ከ20 ደቂቃ አይበልጥም
- ማንሳት፦ እስከ 5 ፓውንድ (የመድኃኒት ሳጥን፣ ሳህን)፣ በቀን ከ1 ሰዓት በታች
- መጎንበስ፣ መንበርከክ፦ የለም
- ነዋሪ ማንሳት፣ ማገላበጥ፣ ማጠብ፦ የለም፤ ሁልጊዜ ሌላ ሠራተኛ ያደርገዋል

የመጨረሻዋን መስመር ከጻፋችሁ እውነት መሆን አለባት። ይህችን ሠራተኛ ብቻዋን ሺፍት ላይ አታስቀምጧት። ነዋሪ ቢወድቅ ገደቧን ረስታ ነው ሮጣ የምታነሳው፣ ማንም ሰው እንደዚያ ነው። ያን ቀን ጉዳቱ በእጥፍ ይመለሳል።

ምግብ ቤት ውስጥ ደግሞ የሚረሳው ባልዲው ነው። «እንጀራ ትጋግራለች፣ ቀላል ነው» ትላላችሁ። አምስት ጋሎን የሞላ የሊጥ ባልዲ ግን ከ40 ፓውንድ በላይ ይመዝናል። ትከሻዋን ለተጎዳች ሴት ምጣዱ ሳይሆን ባልዲው ነው ጠላቷ። ሊጡን ማን በትንሽ ዕቃ እየቀዳ እንደሚያቀርብላት መግለጫው ላይ ጻፉ። የምታነሱትን ነገር ሁሉ ሚዛን ላይ አውጡት፤ በዓይን የተገመተ ክብደት ከእውነቱ ሊያንስ ይችላል።

ደረጃ 4፦ ለሐኪሙ ላኩ፣ ፊርማ ጠብቁ

መግለጫውን ለሚያክመው ሐኪም ላኩ። ለሠራተኛውም ኮፒ ስጡ፣ ሕጉ ያዛል። ለክሌም ማናጀሩም (ኤል ኤንድ አይ ውስጥ ክሌሙን ለሚይዘው ሰው) አንድ ኮፒ ቢደርስ ጥሩ ነው። የላካችሁበትን ቀን የሚያሳይ የፋክስ ማረጋገጫ አስቀምጡ።

ከዚያ ጠብቁ። ሐኪሙ ሳይፈርም ሥራ አታስጀምሩ። ሠራተኛው «ደህና ነኝ፣ ሰኞ ልምጣ» ቢልም አይሆንም። ይህች ትዕግሥት ያጠረች ጊዜ ናት ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው።

*ክሊኒኩ ዝም ካለ፦* ሁለት ሦስት ቀን ጠብቃችሁ ደውሉ። ሥራውን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ሳይሆን የኤል ኤንድ አይ ወረቀት የሚይዘው የክሊኒኩ ሠራተኛ ነው፤ እሱን ጠይቁ። መግለጫውን አይቶ መመለስ ለክሊኒኩ የሚከፈልበት አገልግሎት መሆኑን አስታውሷቸው፤ ይህን የማያውቁ ክሊኒኮች አሉ። አሁንም ካልሆነ ለክሌም ማናጀሩ ጻፉ፣ ወይም ኤል ኤንድ አይ ውስጥ ሠራተኛን ቶሎ ወደ ሥራ በመመለስ ላይ አሠሪን የሚያግዙ ባለሙያዎች አሉና እንዲያገናኟችሁ ጠይቁ። እርዳታቸው በነፃ ነው።

*ሐኪሙ «አይሆንም» ካለ፦* የትኛው መስመር እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመቆሙ ሰዓት ወይም ክብደቱ። ያንን አስተካክላችሁ እንደገና ላኩ። በቀን 6 ሰዓት ካልተፈቀደ በ3 ወይም በ4 ጀምሩ። ግን አስቡበት፤ የ3 ሰዓት ቀንም ከ120ዎቹ አንድ ቀን ነው።

ደረጃ 5፦ ሥራውን በደብዳቤ አቅርቡ

ሐኪሙ ፈረመ። አሁን ለሠራተኛው አጭር ደብዳቤ ስጡ። በስልክ ወይም በቴክስት ብቻ አትጥሩ። ደብዳቤው ላይ የሚጀምርበት ቀን፣ የሥራ ሰዓት፣ በሰዓት የሚከፈለው፣ አለቃው ማን እንደሆነ ይጻፍ፤ ሐኪሙ የፈረመበት መግለጫም ተያይዞ ይሰጠው። በአማርኛ የሚገባው ከሆነ በሁለቱም ቋንቋ ይሁን። ኮፒውን ለክሌም ማናጀሩ ላኩ።

ደሞዙን በተመለከተ፣ ከቻላችሁ የሰዓት ክፍያውን አትቀንሱ። የሠራተኛው ገቢ ከጉዳቱ በፊት ከነበረው ከ5 በመቶ በላይ ከወረደ ኤል ኤንድ አይ ልዩነቱን በከፊል ሊከፍለው ይችላል፤ ያ ወጪ ደግሞ ክሌማችሁ ላይ ይጨመራል። ለሠራተኛው ትሰጡት የነበረው ኢንሹራንስና ሌላ ጥቅማ ጥቅምም ይቀጥላል።

*ሠራተኛው አልመጣም ካለ፦* አትጨቃጨቁ፣ አታስፈራሩ። ደብዳቤውንና የተፈረመውን መግለጫ ይዛችሁ ለክሌም ማናጀሩ በጽሑፍ አሳውቁ። የቀረበው ሥራ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚወስነው ኤል ኤንድ አይ ነው። «ካልመጣህ ተባረሃል» የምትል አንድ ቴክስት ግን ነገሩን ሁሉ ታበላሻለች። ክሌም ስላስገባ ሠራተኛን መበቀል ክልክል ነው፤ እሱም በ90 ቀን ውስጥ አቤት ማለት ይችላል። ደግሞም ሰው የሚፈራው ብዙ ጊዜ ዳግም መጎዳትን ነው። ገደቡን እንደምታከብሩ ቁጭ ብላችሁ በደንብ አስረዱት።

ደረጃ 6፦ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ለወገቧ የሚመች ከፍ ዝቅ የሚል በርጩማ፣ ዕቃ የሚገፋበት ጋሪ፣ ለስልክ ሥራ ሄድሴት፣ ለቆመ ሰው የሚመች ጫማ፣ አጭር የኮምፒውተር ሥልጠና፤ እነዚህ ሊመለሱ የሚችሉ ወጪዎች ናቸው። ሕጎቹ እነዚህ ናቸው፦

- መሣሪያ፦ ሥራውን ለሠራተኛው ከማቅረባችሁ በፊት የተገዛ አይመለስም። የደረሰኙ ቀን ከደብዳቤው ቀን በኋላ ይሁን። መሣሪያው የእናንተ ሆኖ ይቀራል።
- ልብስ፦ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልግ መሆን አለበት። ሥራው ሲያልቅ ለሠራተኛው ይቀራል፤ መልሱልኝ አትበሉ።
- ሥልጠና፦ የቀረበውን ሥራ ለመሥራት የሚያስፈልግ ሥልጠና መሆን አለበት። የትምህርት ክፍያ፣ መጽሐፍና ማቴሪያል ይመለሳል።
- ለሌሎቹ ሠራተኞች ሁሉ በተለምዶ የምትሰጡት ነገር አይመለስም። ሁሉም የሚለብሰው ሽርጥ ወይም ዩኒፎርም ከሆነ እንዳትጠይቁ።

የሥራ ቦታውን ራሱን መቀየር ካስፈለገ፣ ለምሳሌ የጠረጴዛ ከፍታ ወይም የተሽከርካሪ መግቢያ፣ ጆብ ሞዲፊኬሽን የሚባል ሌላ እርዳታ አለ። እሱ ቅድሚያ ፈቃድ ይፈልጋል። ግዙና ኋላ ጠይቁ አይሠራም። ምን ዓይነት ማስተካከያ እንደሚሻል ለማወቅ ደግሞ ጆብ አኮሞዴሽን ኔትወርክ የሚባለው አገልግሎት በነፃ ያማክራል፤ በጉዳቱ ዓይነት ተለይቶ የተዘረዘረ ሐሳብ ድረ ገጹ ላይ አለ።

ደረጃ 7፦ በየቀኑ መዝግቡ

ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ አንድ ደብተር ወይም ኤክሴል ያዙ። አራት ዓምድ ይበቃል፦ ቀን፣ ስንት ሰዓት ሠራ፣ ምን ሠራ፣ በሰዓት ስንት። ሠራተኛውም በየሳምንቱ ይፈርምበት።

የሚቆጠረው መሠረታዊ ደሞዝ ብቻ ነው። ቲፕ፣ ቦነስ፣ ኮሚሽን፣ ምግብ፣ የቤት ወይም የነዳጅ አበል አይገባም። ሠራተኛው ጭራሽ ሥራ ያልሠራበት ቀን ብትከፍሉትም አይቆጠርም። ሲክ ሊቭ፣ ቫኬሽን፣ በዓል ሁሉ ውጪ ናቸው። የፋሲካን ቀን ከፍላችሁት ቤቱ ከዋለ ያ ቀን የእናንተ ስጦታ ነው።

ደብተሩና ፔይሮሉ ደግሞ ይመሳሰሉ። ፔይ ስተቡ 30 ሰዓት እያለ ፎርሙ ላይ 34 ብትጽፉ፣ የጠፋችው አራት ሰዓት ብቻ ሳትሆን የቀረው ወረቀታችሁም ይጠረጠራል። በጥሬ ገንዘብ መክፈል እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል፤ ማስረጃ የሌለው ክፍያ እንዳልተከፈለ ነው።

አንድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ፦ ሥራ ሲበዛባችሁ ይህን ሰው ወደ ሌላ ሥራ አትጥሩት። «ለአምስት ደቂቃ ብቻ፣ ያንን ካርቶን» አይባልም። ሐኪሙ ካላየውና ካልፈቀደው ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር፣ ከተገለጸው ሥራ ውጪ ማሠራት በሕግም አይፈቀድም። ቅዳሜ ማታ ቤቱ ሲሞላ ይህን የሚያስታውስ ሰው ስለሌለ፣ የገደቡን ዝርዝር ኩሽና ውስጥ ላሉት ሁሉ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ሕመሙን ሳይሆን ገደቡን ብቻ።

*ሕመሙ ከተባባሰ፦* ሥራውን አቁሙ፣ ወደ ሐኪሙ ይመለስ፣ አዲስ የገደብ ፎርም ይምጣ። *የምትሰጡት ቀላል ሥራ ካለቀ፦* ያኑ ቀን ለክሌም ማናጀሩ አሳውቁ። ሠራተኛው ገና ካላገገመ ሥራ ላጣበት ጊዜ የሚከፈለው ካሣ ይቀጥልለታል፤ እናንተ በዘገያችሁ ቁጥር ያለገቢ የሚቀመጠው እሱ ነው። *ገደቡ ከተቀየረ፦* መግለጫውንም ቀይራችሁ እንደገና አስፈርሙ።

ደረጃ 8፦ ማመልከቻውን አስገቡ

ለደሞዝ አንድ ፎርም፣ ለዕቃ፣ ለልብስና ለሥልጠና ሌላ ፎርም አለ። ሁለቱንም ከኤል ኤንድ አይ ድረ ገጽ የስቴይ አት ወርክ ገጽ ላይ ታገኛላችሁ። ከማስገባታችሁ በፊት ወረቀቱን በዚህ ተራ ደርድሩት፦

1. የገደብ ፎርሞቹ፣ ሁሉም ቀናት የተሸፈኑ መሆናቸው ታይቶ
2. ሐኪሙ የፈረመበት የሥራ መግለጫ
3. የቀናትና የሰዓት ዝርዝር
4. የፔይሮል ማስረጃ
5. ደረሰኞች፣ ካሉ

ቀነ ገደቡ ሥራው ከተሠራበት ቀን አንስቶ አንድ ዓመት ነው። ከጉዳቱ ቀን አይደለም፣ ክሌሙ ከተዘጋበትም አይደለም። እያንዳንዱ የሥራ ቀን የራሱ ዓመት አለው። ስለዚህ ሁሉንም አከማችታችሁ በመጨረሻ አትላኩ፤ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ላኩ። የመጀመሪያው ስህተት ካለበት ቶሎ ይታወቃል፣ ሁለተኛውን አስተካክላችሁ ትልካላችሁ። ለትንሽ ቤት ደግሞ ገንዘቡ እየገባ መሄዱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

*ክሌሙ ገና ውሳኔ ካላገኘ፦* ወረቀቱን ማሰባሰብ አታቁሙ። ሲፈቀድ ዝግጁ ትሆናላችሁ። ውድቅ ከሆነ ግን ማካካሻ የለም።

*«አይከፈልም» የሚል ደብዳቤ ከመጣ፦* ምክንያቱን በቀይ አስምሩበት። አብዛኛው የጎደለ ወረቀት ነው፤ በገደብ ፎርም ያልተሸፈነ ሳምንት፣ ያልተፈረመ መግለጫ፣ የማይመሳሰል ሰዓት። የጎደለው ወረቀት ካላችሁ ላኩና እንደገና እንዲያዩት ጠይቁ። በውሳኔው ካልተስማማችሁ በጽሑፍ ተቃውሞ የምታስገቡበት 60 ቀን አላችሁ፤ ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ጊዜ አንብቡ። በስልክ የተነገረ ተቃውሞ ተቃውሞ አይደለም።

ገደቡ ቋሚ ከሆነ

ሠራተኛው ድኖም ወደ ድሮ ሥራው መመለስ የማይችል ከሆነ ፕሪፈርድ ወርከር የሚባለውን ፕሮግራም ጠይቁ። ለሠራተኛው ኤል ኤንድ አይ ማረጋገጫ ይሰጠዋል። ይህን ማረጋገጫ ያለውን ሰው የሚቀጥር አሠሪ፣ አዲስም ይሁን የድሮው፣ የፕሪሚየም ቅናሽና ሰውየው እንደገና ቢጎዳ ከክሌም ወጪ ጥበቃ ለሦስት ዓመት ያገኛል። ሌላ ቦታ የተጎዳ ጎበዝ ሠራተኛ ለመቅጠር የሚያመነቱ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነው። ሰውየው ከመጀመሩ በፊት ማረጋገጫው በእጁ እንዳለ ጠይቁት።

የፌዴራል ታክሱንም አትርሱ

ከስቴቱ ገንዘብ ሌላ፣ አካል ጉዳት ላለበት ሰው ቦታውን ለማመቻቸት ለሚወጣ ወጪ የፌዴራል የታክስ ክሬዲት አለ። ባለፈው ዓመት ገቢው ከ1 ሚሊዮን ዶላር ያልበለጠ ወይም የሙሉ ጊዜ ሠራተኛው ከ30 ያልበለጠ ቢዝነስ ይመለከታል። ከ250 ዶላር በላይ ካለው ወጪ እስከ 10,250 ዶላር ድረስ ግማሹ ይታሰባል፤ ከፍተኛው በዓመት 5,000 ዶላር ነው። ፎርሙ 8826 ነው። ወጪው የአሜሪካን የአካል ጉዳተኞች ሕግ ለማክበር የወጣ መሆን ስላለበት፣ እያንዳንዱ የተገዛ በርጩማ አያልፍም፤ ደረሰኙን ለታክስ ሠሪያችሁ አሳዩት። ኤል ኤንድ አይ የመለሰላችሁን ብር ደግማችሁ እዚህ አትጠይቁ።

ፖርትላንድ ያላችሁ ደግሞ የኦሪገን አሠራር ይለያል። እዚያ ኢምፕሎየር አት ኢንጁሪ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ የሚጠየቀውም በኢንሹራንስ ኩባንያችሁ በኩል ነው። የጉዳት ሪፖርቱን በላካችሁበት ዕለት ስሙን ጠቅሳችሁ ጠይቋቸው።